አምስቱ የቬርን ቆዳዎች

ዳግኒ ሶረም ክንዷን እስከ ትከሻዋ ካዮቲ በሚባለው የሜዳ ተኩላ ቆዳ ውስጥ ከትታ በጣቶቿ አፍንጫውን ስትፈልግ፣ ክሌል ፒካርድ የመጋዘኑን በር በእግሩ ገፍቶ ገባ።

"በሩን!" አለች ዘወር ሳትል። "ብርዱን ይዘኸው ገባህ!"

"እኔ አልያዝኩትም፤ እሱ ነው እኔን ይዞኝ የመጣው።" ክሌል በሩን በጀርባው ዘጋና ወደ ምድጃው ወንበር ሳበ። "ስሚ፣ ዛሬ ጠዋት ምን እንደሆንኩ ብነግርሽ አታምኚኝም።"

"አላምንህም።"

"ከቤት ስወጣ ጥላዬ በረንዳው ላይ ደርቆ ተጣበቀ። ደርቆ! በበረዶ መዛቂያ ፍቄ ነው ያስለቀቅኩት። አሁንም ግራ እግሩ እዚያው ቀርቷል።"

"ፀሐይ ሳትወጣ ጥላ ከየት አመጣህ?"

"የበረንዳ መብራት እንኳ የሌለኝ ድሃ አደረግሽኝ እንዴ?" አለ ክሌል ቅንጣት ሳያፍር።

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ከዚያ አውቶቡስ የወረዱ ልጆች እስከ ዛሬ ድረስ የሞንታና ጂኦግራፊ የሚምታታባቸው በእሱ ምክንያት ነው ይባላል።

ዳግኒ አፍንጫውን አገኘችው። ጨበጥ አድርጋ ሳበች። ቆዳው እንደ ካልሲ ተገለበጠና ውስጥ የነበረው ፀጉር ፏ ብሎ ወጣ፤ ጀርባው ግራጫና ጥቁር፣ ጎኑ ወርቃማ፣ ሆዱ እንደ ወተት የነጣ። አንድ ጊዜ አራገፈችው። ፀጉሩ ቆመ።

ይህች መገልበጥ የምትባለው ነገር ናት ሰውን ከሰው የምትለየው። ካዮቲን ገፎ ደሙን ማጠብ፣ ስቡን መፋቅ፣ ፀጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ መወጠሪያ ላይ ማልበስ፣ ይሄን ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይማረዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ሳለ ከተገለበጠ ይበሰብስና ፀጉሩ እጅህ ላይ ይቀራል። ከደረቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ ጣውላ ነው፤ ይሰነጠቃል። በመሃል አንዲት ሰዓት አለች፤ ያቺን ሰዓት የጻፈ መጽሐፍ የለም። ዳግኒ በእጇ ጀርባ ትነካዋለች፤ ያደረ ፓንኬክ ሲመስላት ሰዓቱ ደርሷል። በቃ። አርባ አንድ ዓመት በዚሁ ፓንኬክ ስትሠራ ኖራለች።

አርባ አንድ ዓመት ግን ስሙ የቬርን ነበር።

ባሏ ቬርን አጥማጅ ነበር። ካዮቲ የትኛውን ሣር ዞሮ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ ካዮቲው ራሱ ሳያውቅ እሱ ያውቃል። ቢላ ከያዘ ግን አለቀ፤ ቆዳው ወንፊት ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እሱ ያመጣል፣ እሷ ትሠራለች። የሽያጭ ቀን ሲደርስ ቆዳውን ተሸክሞ አዳራሽ የሚገባው እሱ ነው፤ እሷ ማእድ ቤት ገብታ የፖም ኬክ ትቆርሳለች። ቆዳው ላይ በሚንጠለጠለው ወረቀት "ቬርን ሶረም" ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ "የቬርን እጅ" የሚባል ቆዳ በሦስት ግዛት ታወቀ። አንድ ጊዜ ቬርን ራሱ "ኧረ የሚስቴ ሥራ ነው!" ቢላቸው አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ቀልድ መስሏቸው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልተናገረውም። ዳግኒም ግድ አልነበራትም፤ ወይም ግድ እንደሌላት ለራሷ ትነግር ነበር።

ቬርን አምና የካቲት ላይ ሞተ።

በዚህ የበረዶ ወራት ወጥመዱን ራሷ አጠመደች። ታኅሣሥ ሽያጭ ላይ ስድስት ቆዳ ይዛ ቀረበች። ቆዳ ገዥው ዱዋይት ክሬንሾ ፀጉሩን እፍ አለበት፣ ዳሰሰው፣ "መጥፎ አይደለም ወይዘሮ ሶረም፤ ለጀማሪ" አላት። ቀጥሎም ለአዳዲስ አጥማጆች የሚያሳየውን ናሙና ከመኪናው አወረደላት። "እንዲህ ነው የሚሠራው። የባለቤትዎ እጅ ነው። ቀስ እያሉ ይለምዱታል።"

ናሙናውን አየችው። ከአራት ዓመት በፊት ጉንፋን ይዟት፣ እያስነጠሰች የሠራችው ነው።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ክሬንሾን ረግማ ቤቷ ትገባ ነበር። ግን ዌንደል ማኬልቪ አጠገቧ ቆሞ ሰምቷል። አሥራ አራት ማይል የወንዝ ዳርቻ የዌንደል ነው። በጎቹ እዚያ ስለሚወልዱ ካዮቲውም እዚያ ነው፣ ካዮቲው እዚያ ስለሆነ የዳግኒ ወጥመዶችም እዚያ ናቸው። "ዳግኒ፣ እኔ የተጨባበጥኩት ከቬርን ጋር ነው፤" አላት ኮፍያውን እያሻሸ። "ሁለት ወንድማማቾች መሬቱን ስጠን እያሉኝ ነው። እስኪ ጥር ላይ ክሬንሾ የሚለውን ልስማ።" በዚያ አገር ለማጥመድ ውል የሚባል ነገር የለም። በየዓመቱ ጥር ሽያጭ ላይ ባለ መሬቱ እጁን ይዘረጋል፣ አጥማጁ ይጨብጣል፣ አለቀ። ያልተጨበጠ ወጥመዱን ለቅሞ ይወጣል።

ጥር ሽያጭ ደግሞ ዛሬ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ከደረደረቻቸው ዘጠኝ ቆዳዎች አራቱን ለይታ ወደ ክሌል ገፋች። ወረቀታቸው ላይ የቬርንን ስም ጽፋበታለች። "እነዚህን አንተ ትይዛለህ። የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ የቬርን ናቸው፣ ከአምና የቀሩ። ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ።"

"አንድ ቃል ብለሽ አራት ሰጠሽኝ። ከዚያ ውሸታም የምባለው እኔ ነኝ።"

"ክሌል!"

"እሺ፣ እሺ። ትንሽ ማጣፈጫ ቢጤ ግን..."

"ማጣፈጫ የለም! አንተ ካጣፈጥክ ቬርን ካዮቲዎቹን በጥርሱ ነው የያዛቸው ልትል ነው።"

ክሌል ቅር አለው፤ ልክ ይህንኑ ሊል ነበር።

ዳግኒ ወደ መጋዘኑ ጥግ ሄዳ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠለበት አምስተኛ ቆዳ አወረደች። ክሌል ሲቀበላት ቆዳው እጁ ላይ ቋ አለ።

"ምንድነው ይሄ? በር ልትሠሪበት ነው?"

"እሱ የእውነት የቬርን ነው። የመጨረሻው።" እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ባመጣው ዕለት ነው የወደቀው። መወጠሪያው ላይ አድርጌው ነበር። ከዚያ አምቡላንሱ፣ ሆስፒታሉ፣ ቀብሩ። ትዝ ሲለኝ አራተኛ ቀኑ ነው። በእርጥብ ጨርቅ አሽቼ በግድ ገለበጥኩት። ብብቱ ሥር ተሰንጥቋል፣ እየው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።"

ክሌል ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው።

"ይሄንንም ልውሰደው?" አለ። "ክሬንሾ እኮ ዕውር አይደለም።"

"ዕውር ካልሆነ ይጥለዋል፤ እኔም አርፌ ኬኬን እቆርሳለሁ። ካልጣለው ግን ሲገዛ የኖረው ቆዳ ሳይሆን ስም ነው።"

በዳግኒ ፒካፕ ሄዱ። የዌንደል አጥር ጋ ሲደርሱ መኪናዋን አቁማ መስኮቱን አወረደች። በረዶው ላይ ዱካ አለ፤ ከቀበሮ ተለቅ፣ ከተኩላ አነስ ያለ፣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር። የቀበረችው ወጥመድ አካባቢ ሲደርስ ዱካው ቆሟል፣ ጥቂት ተንቆራጥጧል፣ ከዚያ ዞሮ ሄዷል።

"አልገባም፤" አለ ክሌል።

"ነገ ይገባል። ሽታው አስጎምጅቶታል፣ ግን ይኮራል። ባለፈው የያዝኩት ትልቁም እንዲህ ሦስት ቀን ኮርቶብኝ ነበር።"

"ዌንደል መሬቱን ለወንድማማቾቹ ቢሰጥስ?"

"ወጥመዶቼን ራሱ ይልቀማቸው። የት የት እንደቀበርኳቸው ግን አልነግረውም፤ በጣቱ ይፈልጋቸው።" ማርሽ አስገባች።

የቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ሰው ሞልቶታል። ግማሹ የመጣው ሊሸጥ ነው፣ ግማሹ ሊያወራ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ ሚስቶቻቸው ቤት ውስጥ ስላላስቀመጧቸው። እርጥብ ጫማ፣ የቦሎቄ ወጥና ካዮቲ ባንድ ላይ ይሸታል። ክሬንሾ ረጅሙን ጠረጴዛ በፕላስተር ምልክት አድርጎበታል፤ አፍንጫው እዚህ ሆኖ ቂጡ ያንን መስመር ካለፈ ትልቅ ይባላል።

ዳግኒ ተራዋ ሲደርስ አምስት ቆዳዎቿን ዘረጋች። ማእድ ቤቱ መስኮት ላይ ያሉት ሴቶች ቢላቸውን አስቀመጡ።

ክሬንሾ አንዱን አነሳ፣ አራገፈ፣ እፍ አለበት፣ ሆዱን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። "ተሻሽለዋል፣ እውነቴን ነው። ግን..." ራሱን ነቀነቀ። "ያዩታል? ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ ስለዚህ ፀጉሩ ሳሳ። የባለቤትዎ ዓይነት አይደለም። አርባ አርባ ዶላር።"

"አርባ?"

"ለእርስዎ ብዬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሠላሳ አምስት ነበር።" አምስቱም ወረቀት ላይ "ወይዘሮ ቬርን ሶረም" ብሎ ጫረ።

"እግዜር ይስጥልኝ፤" አለች ዳግኒ። "እስኪ እዚያው ጫፉ ላይ ይቆዩልኝ፤ ላስብበት።"

ዌንደል ማኬልቪ ግድግዳ ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። ስንጥሩን አወጣና ወለሉን አየ። ጥግ ላይ የቆሙት ሁለት ወንድማማቾች ተጠቃቀሱ።

ከሁለት ሰው በኋላ ክሌል ቀረበ።

"ክሌል ፒካርድ! አንተ ደሞ መቼ ነው ማጥመድ የጀመርከው?"

"የቬርን ናቸው፣ ከአምና የቀሩ፤" አለ ክሌል። አራት ቃል። አፉን ዘጋ። ዳግኒ ከሩቅ ሆና ተነፈሰች።

ከዚያ የክሌል አፍ በገዛ ፈቃዱ ተከፈተ። "ይሄን ትልቁን ታየዋለህ? ይሄ ካዮቲ ስድስት ዓመት ሙሉ የቬርንን ወጥመድ እየቆፈረ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ላዩ ላይ ሲጸዳዳበት የኖረ ነው። አንድ ቀን ቬርን ወጥመዱን ራሱ ገልብጦ ቀበረው። ካዮቲው መጥቶ እንደ ልማዱ ሊገለብጠው ሲል ተያዘ! ከእፍረቱ የተነሳ ቬርን ሲመጣ ፊቱን በጅራቱ ሸፍኖ ነው የጠበቀው!"

ዳግኒ ዓይኗን ጨፈነች። ክሬንሾ ግን እየሰማ አልነበረም። ኮፍያውን አውልቋል። ቆዳውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገው።

"ኑ እዩ ጎበዝ፤" አለ። "ሁልጊዜ የማወራላችሁ ይሄ ነው። ውጥረቱን እዩ፤ ልክ በልኩ! ፀጉሩን እዩ! ወይዘሮ ሶረም፣ እርስዎም ይቅረቡ፤ ይማሩበታል።"

"መጣሁ፤" አለች ዳግኒ።

"ሰማንያ። አራቱም ሰማንያ ሰማንያ።" አምስተኛውን አነሳው። ቋ አለ። ክሬንሾ ግር አለውና አገላበጠው። ዳግኒ እርምጃዋን ገታች። ሰውዬው ወረቀቱን ዞር አድርጎ አየ፤ "ቬርን ሶረም" ይላል። ፊቱ ፈታ አለ። "ይሄ ደሞ... ጠንከር ያለ ነው። የድሮ አሠራር። እንዲህ የሚያደርቅ ሰው ዛሬ የለም። ይሄም ሰማንያ።"

"የድሮ አሠራር፤" አለ ክሌል በእውነተኛ አድናቆት። ይሄን ያህል ውሸት በዕድሜው አስቦት አያውቅም።

ዳግኒ የቆሙትን ሰዎች በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። "ክሬንሾ፣ እስኪ የትልቁን ቀኝ ጆሮ ክፈተው። ወረቀት አለ፤ አውጣው።"

ጆሮው ቆሞ እንዲደርቅ ጋዜጣ ቀዶ መወተፍ የአጥማጅ ሁሉ ልማድ ነው፤ ማንም አያወጣውም፣ ማንም አያየውም። ክሬንሾ በሁለት ጣቱ ጎትቶ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የወረዳው ጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ የቅርጫት ኳስ ቡድን ፎቶግራፍ፣ ግማሹ። ሁለት ልጆችና የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እጅ።

"አሁን ደግሞ ከአርባ ዶላሮቹ የዚህኛውን ጆሮ።"

ከዚህኛው ሦስት ልጆች ወጡ። አንደኛው እጅ የለውም። ክሬንሾ ሁለቱን ቁራጮች ቀስ ብሎ አስጠጋቸው፤ እጁ ከባለቤቱ ጋር ተገናኘ።

"የልጅ ልጄ ነው እኮ!" ብሎ ጮኸ ከኋላ አንድ ሰው። "የባለፈው ሳምንት ጨዋታ ነው! በሁለት ነጥብ የተሸነፉበት!"

"ቬርን ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤" አለች ዳግኒ።

"ጋዜጣውን ግን አላቋረጠም፤" አለ ክሌል።

ሳቁ ከማእድ ቤቱ መስኮት ጀመረና አዳራሹን አዳረሰ። የክሬንሾ አንገት እስከ ጆሮው ቀላ። "ወይዘሮ ሶረም፣ ይሄ ማጭበርበር ነው!"

"ነው። ግን አንዱን እጅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ አርባም ሰማንያም ያልከው አንተ ነህ። አምስተኛውን እንጨርስ። ጣትህን ብብቱ ሥር አግባ።"

"አስፈላጊ አይመስለኝም..."

"አግባ ነው የምልህ!"

አገባ። ጣቱ በወዲያኛው በኩል ብቅ አለ።

"ቬርን ያጠመደው እሱን ብቻ ነው፤" አለች ዳግኒ። "የሠራሁት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። አሥር ዶላር ነው የሚያወጣው።"

"ሰማንያ ብያለሁ፤" አለ ክሬንሾ እልህ ይዞት። "ሰው ፊት ከተናገርኩት ዋጋ አልመለስም።"

"አሥር!"

"ሰማንያ!"

"አሥራ ሁለት፤ ከዚያ በላይ ሳንቲም አልቀበልህም!"

ክሌል ተክዞ ይሰማቸው ነበር። ይሄን ታሪክ ነገ ለሰው ቢያወራው ማንም እንደማያምነው ከወዲሁ ገብቶታል።

ክሬንሾ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ ይሁን። የተሰነጠቀው በአሥራ ሁለት፣ ዘጠኙም በሰማንያ። ግን ወረቀቱ ላይ የቬርን ስም ይቆይ። እዚያ ማዶ የሚገዙኝ ሰዎች የሚያውቁት እሱን ነው። ለእርስዎም ይበጃል። ማን ይጎዳል?"

ዳግኒ ቆዳዎቹን አየች። የመጋዘኗ ጣሪያ ያፈሳል፤ ዘጠኝ ጊዜ ሰማንያ ጣሪያ ያለብሳል። ማንም ደግሞ አይጎዳም፤ አርባ አንድ ዓመት ማንም አልተጎዳም።

"ቬርን ሞቷል፤" አለችው። "ቀብሩ ላይ ነበርክ። ሁለት ሳህን የድንች ሰላጣ በልተሃል። በል እስክርቢቶህን አምጣ።"

ሰጣት። መነጽሯን አደረገችና የመጀመሪያውን ወረቀት ሳበች። የቬርንን ስም በአንድ መስመር ሰረዘች፣ እንዳይታይ ሳታደርግ፣ ከሥሩ መጻፍ ጀመረች። ትምህርት ያቋረጠችው ከስምንተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሎቿም ያኔ እንደተወቻቸው ክብ ክብ ናቸው። ዳግኒ ሶረም። "ወይዘሮ" የለም፣ ምህጻረ ቃል የለም። ሁለተኛውን ሳበች።

ሦስተኛው ላይ ሳለች አጠገቧ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሰማች። ዌንደል ማኬልቪ ነው። ስንጥሩን ጥሏል፣ ጓንቱንም አውልቋል።

"ዳግኒ፣ ያ የወንዙ ዳርቻ ነገር..." አለና እጁን ዘረጋ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አየው። ሁለቱ ወንድማማቾች ኮታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው የከረመችው እጅ ነው፤ ትልቅ፣ ቀይ፣ በሽቦ አጥር የተጫጫረ።

"ቆይ፤" አለችው ዳግኒ ቀና ሳትል። "እየጻፍኩ ነው።"

"እኔ እኮ..."

"ሰባት ይቀረኛል።"

ዌንደል እጁን ሊመልሰው አሰበ፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነበርና እንደተዘረጋ ተወው። አራተኛው። አምስተኛው። ክሌል ወንበር አምጥቶ ለዌንደል ክርን ማሳረፊያ አቀረበለት፤ ሴቶቹ መስኮቱ ላይ ተደራርበው ሳቁ። ዘጠነኛውን ጨርሳ የተሰነጠቀውን ሳበች።

"እሱንስ እንኳ ለቬርን ይተዉለት፤" አለ ክሬንሾ ቀስ ብሎ።

ዳግኒ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ሰረዘችና እሱም ላይ ስሟን ሙሉውን ጻፈች። ወረቀቱን አነሳች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አደረገችው፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስም ክሬንሾ ፀጉር ላይ እንደሚያደርገው እፍ፣ እፍ እያለችበት ጥቂት ቆየች።